«ስንተኛ ወጣህ?» እና ሌሎች የወላጅ ስህተቶች

ከደጀን እስከ ዳንግላ ብዙ ወላጅ ትምህርት ቤት ብቅ የሚለው ለሁለት ነገር ነው። ወይ ካርድ ሊቀበል፣ ወይ መዋጮ ሲጠራ። (ልጁ ተደባድቦ ሲጠራም ይሄዳል፤ ያኛው ግን አይቆጠርም።)

«ስንተኛ ወጣህ?»
አምስተኛ የወጣው ይመረቃል፣ ሠላሳኛው ይገረፋል። ደረጃ ግን ልጁ ከእነማን ጋር እንደተማረ እንጂ ምን እንዳወቀ አይናገርም። መምህሩን የቱ ትምህርት እንደሚከብደው ጠይቁ። የት እንደሚቀመጥ፣ ሰሌዳው ይታየው እንደሆነም ጠይቁ። ዓይኑ እየደከመ ሰነፍ የሚባል ልጅ ሞልቷል።

«እኔ አልተማርኩ፣ ምን አግዘዋለሁ?»
ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ የአማርኛ መጽሐፉን ገልጦ ሲያንበለብለው እናት ደስ ይላታል። ብዙ ጊዜ ግን አላነበበም፤ ሸምድዷል። ይህን ለመያዝ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። መሃል ላይ አንድ ቃል በጣታችሁ ንኩና «ይሄ ምን ይላል?» በሉት። ከላይ ጀምሮ ካልሆነ አልመጣለት ካለ ነገሩ ታውቋል። የቆሎ ትምህርት ቤት የቀመሰ አባት ይህን ዘዴ ያውቀዋል። የኔታ ሀሁን አስቆጥረው «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ብለው የሚቀጥሉት ለምን ይመስላችኋል? ልጁ በዜማው እየተመራ ሳይሆን ፊደሉን በመልኩ እንዲለይ ነው። እንጀራ እየጋገራችሁም ቢሆን ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፤ ከዚያ ያነበበውን በራሱ አፍ ይንገራችሁ። ጆሮ ካላችሁ ይበቃል።

«ለአጨዳው ቅርልኝ»
ኅዳር ላይ ጤፉ ሲደርስ የሰው እጅ ያጥራል፣ ይገባኛል። ግን ልጁ ሁለት ሳምንት ቀርቶ ሲመለስ ክፍሉ ክፍልፋይን ጨርሶ ይጠብቀዋል። ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነ በትርፉ ግማሽ ቀን ያግዛችሁ። የግድ መቅረት ካለበት አስቀድማችሁ ለመምህሩ ንገሩ፤ የጎረቤት ልጅ ደብተርም ማታ ማታ ይገልብጥ።

የቤት ሥራውን ታላቅ እህቱ ስትሠራለት
ይሄ የከተማ ችግር ነው፣ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ይበዛል። ኤክሱን ራሱ ያግኘው፤ መምህሩ ድክመቱን የሚያየው በዚያ ነው።

«አንተ ጎረምሳ፣ ከሕፃን ጋር!»
በ2016 በጦርነቱ ምክንያት በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል። አራተኛ ክፍል ውስጥ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ብታዩ አይግረማችሁ። ቤት ውስጥ ከተቀለደበት ግን አንድ ቀን ደብተሩን ወርውሮ ቀን ሥራ ፍለጋ ይጠፋል። ክፍል ዝለሉልኝ ብሎ መለማመጥም አይጠቅመውም። ሦስተኛ ክፍል ያመለጠው ማባዛት ስድስተኛ ክፍል ፈተና ላይ ይጠብቀዋል። ያመለጠው የቱ እንደሆነ መምህሩን ጠይቁና ክረምቱን እሱኑ ይሥራ።