የእጅ መገናኛ ሬድዮን ከጉዳት መጠበቅ

በጎንደር ከተማ የእጅ መገናኛ ሬድዮ የሚይዘው ሰው ብዙ ነው፤ የሆቴል ጥበቃውም፣ የጥምቀት በዓል አስተባባሪውም፣ ጎብኚ ይዞ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣው የፓርክ ጠባቂ (ስካውት)ም ይህን መሣሪያ ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው ይውላሉ። መሣሪያው ጠንካራ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ምንም ቢደረግ አይበላሽም የሚል እምነት አለ። እኔ ያየኋቸው ብልሽቶች ግን በአብዛኛው ሬድዮው ከከፍታ በመውደቁ የመጡ ሳይሆኑ፣ ማንም ልብ በማይላቸው የዕለት ተዕለት ልማዶች፣ በተለይም በአንቴና፣ በውኃና በባትሪ አያያዝ የደረሱ ናቸው።

ከልማዶቹ ሁሉ የከፋው ሬድዮን በአንቴናው አንጠልጥሎ መያዝ ነው። አንቴናው በላስቲክ የተሸፈነ ስለሆነ ቢተጣጠፍ የማይጎዳ ይመስላል፤ ውስጡ ያለው ግን የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው። ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ሲቆረጥ ወይም አንቴናው ከሥሩ ሲላላ፣ ወደ አየር መውጣት የነበረበት ኃይል ከፊሉ ተመልሶ ወደ ማሰራጫው ክፍል ይገባል፤ በዚህም ምክንያት የሚሰራጨውን ኃይል የሚያጎላው የመጨረሻው ትንሽ ክፍል (ትራንዚስተሩ) ከመጠን በላይ ይግላል፤ ይህ ሲደጋገም ይቃጠላል። ስለዚህ አንቴናው በወለቀበት ሬድዮ ላይ የመናገሪያውን ቁልፍ ለሙከራ ያህል እንኳ መጫን አይገባም። ምትክ ሲገዛም መልኩንና ርዝመቱን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ ለሚሠራ ሬድዮ የተሠራ አንቴና፣ ከ400 እስከ 470 ሜጋኸርዝ በሚሠራው ላይ ቢገጥምለት እንኳ አይስማማውም። ረጅም አንቴና ሩቅ ያደርሳል ብለው ያገኙትን የሚተክሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያተርፉት የተቃጠለ ሬድዮ ነው።

ወደ ውኃው ስንመጣ፣ አንዳንድ ሬድዮዎች ላይ «አይፒ 67» የሚል ምልክት ይገኛል። ትርጉሙ መሣሪያው አቧራ እንደማያስገባና 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ እንደማይጎዳ መፈተኑ ነው። ይህ ዋስትና የሚሠራው ግን ሽፋኖቹ ሁሉ በቦታቸው እስካሉ ድረስ ብቻ ነው። የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበትን ቀዳዳ የምትከድነው ትንሽ ላስቲክ ከተገነጠለች ምልክቱ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ጥር 11 ቀን በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ጸሎቱ ተፈጽሞ ውኃው ሲባረክና በሕዝቡ ላይ ሲረጭ፣ ወጣቱም ወደ መዋኛው ሲዘል፣ አስተባባሪው ሬድዮውን በጋቢው ስለሸፈነው ብቻ የዳነለት ሊመስለው አይገባም፤ የረጠበ ጋቢ ውኃውን ይዞ ያቆየዋልና። ከበዓሉ አስቀድሞ ክዳኖቹን መፈተሽ፣ ውኃ የማይችለውን ሬድዮ ደግሞ ጥሩ መያዣ ውስጥ ማድረግ ይሻላል። የድምፅ ማጉያው ቀዳዳዎች ቢደፈኑ በመርፌ መጎርጎር ፈጽሞ አይገባም፤ ውኃ የሚከለክለው ስስ ሽፋን ከኋላቸው ስላለ አንዴ ከተበሳ የሚመለስ አይደለም።

ሬድዮው ውኃ ውስጥ ቢገባ አሁንም ይሠራ እንደሆነ ለማየት ማብራት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ጉዳት የሚያደርሰው ከውኃው ይልቅ በእርጥበቱ ላይ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነውና። በቅድሚያ ሬድዮውን አጥፍቶ ባትሪውን መንቀል፣ ውኃውን አራግፎ በጨርቅ ማድረቅ፣ ክዳኖቹን ከፍቶ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ቦታ ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ቀን፣ ቢቻል ለሁለት ቀን ማቆየት ያስፈልጋል። ውኃው ጭቃማ ከነበረ ሬድዮውን ራስ ከመፍታት ይልቅ ሳይበራ ለጠጋኝ መስጠት ይመረጣል። እንጀራ ከሚጋገርበት ምጣድ አጠገብ ተቀምጦ እንዲደርቅ የተደረገ ሬድዮ አጋጥሞኛል፤ ውኃው በእርግጥ ወጥቶ ነበር፣ ሽፋኑ ግን አብሮ ተጣሞ ነበር።

ባትሪው ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የኃይል መጠኑ ስለሚዋዥቅ ቻርጀሩን በስታቢላይዘር በኩል መሰካት፣ መብራት ሲጠፋም ከሶኬት ነቅሎ ጥቂት ቆይቶ መመለስ ይገባል። በሚሞላበት ጊዜ ሬድዮውን ማጥፋት፣ ይልቁንም ቻርጀር ላይ እንዳለ አለመናገር ጥሩ ነው። የሊቲየም ባትሪ እስኪያልቅ መጠበቅን አይፈልግም፤ ያ ምክር ለቀድሞዎቹ የኒኬል ባትሪዎች የተሰጠ ነበር። ትርፍ ባትሪ ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ወይም ከሳንቲም ጋር መያዝ ደግሞ አደጋ አለው፤ ብረቱ የባትሪውን ጫፎች ቢያገናኛቸው በጣም ሊግል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

ብርድን የሚያውቀው ወደ ስሜን የሚወጣው ሰው ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ በሚገኙት የሳንቃበርና የጨነቅ የጎብኚ ማረፊያ ሰፈሮች ሌሊቱ ሲበርድ ሙሉ የነበረ ባትሪ ጠዋት ላይ የደከመ መስሎ ይገኛል። ባትሪው አልሞተም፤ ሲሞቅ አብዛኛው ጉልበቱ ይመለሳል። በመሆኑም ማታ ማታ ባትሪውን ከልብስ ሥር ወይም ከመኝታ ከረጢት ውስጥ ማሳደር ይበጃል። ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የቀዘቀዘን የሊቲየም ባትሪ ግን ሳይሞቅ መሙላት አይፈቀድም፤ በውስጡ ብረታማ ሊቲየም ተጋግሮ ለዘለቄታው ይጎዳዋል። ሙቀቱም እንዲሁ ጠላት ነውና ቆላ ሲወርዱ ሬድዮውን በመኪና ዳሽቦርድ ላይ ለፀሐይ አጋልጦ መተው አይገባም።

ጽዳቱ ቀላል ነው። በበጋ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ፣ አካሉን ደግሞ ለዘብ ባለ የሳሙና ውኃ እርጥብ በተደረገ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል፤ ቤንዚንና አሴቶን ፕላስቲኩን ይበላሉ። ባትሪውና ሬድዮው የሚገናኙባቸው ብረቶች ከጠቆሩ በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብሎ ማሸት ይቻላል።

ከበዓሉ በኋላ ለወራት የሚቀመጥ ሬድዮ ባትሪው ተነቅሎ፣ እስከ ግማሹ ገደማ ተሞልቶ፣ እርጥበት በሌለበት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ መቀመጥ አለበት። ባዶውን ለወራት የቆየ ባትሪ ዳግም ላይነሣ ስለሚችል፣ በተለይ ክረምቱ ሳይገባ በሰኔ አንድ ጊዜ፣ መስከረም ላይ ደግሞ ሌላ ጊዜ አውጥቶ መጠኑን ማየትና ወደ ግማሹ መመለስ፣ የተነፋ ባትሪ ከተገኘም ሳይሞሉት ለብቻው አውጥቶ ማስወገድ ያስፈልጋል።