ኤቲቪ ጭኖ ወደ ሌላ ስቴት፦ የትኛው ፈቃድ፣ ከማን፣ መቼ ይገዛል?

አሜሪካ ውስጥ የመኪና ታርጋ ሃምሳውም ስቴት ይሠራል። የኤቲቪ (ከመንገድ ውጭ የሚነዳ ባለአራት ጎማ ሞተር)፣ የሳይድ ባይ ሳይድ (መቀመጫው ጎን ለጎን የሆነ ከመንገድ ውጭ የሚነዳ ተሽከርካሪ) እና የዲርት ባይክ (የአፈር መንገድ ሞተር ሳይክል) ስቲከር፣ ማለትም የምዝገባ ወይም የፈቃድ ተለጣፊ፣ ግን እንደዚያ አይደለም። አንዱ ስቴት የእርስዎን ስቲከር ያከብራል፣ ሌላው ጭራሽ አይቀበለውም፣ ሦስተኛው ደግሞ ከተሽከርካሪው አልፎ ነጂውን ሰርተፍኬት ይጠይቃል። ለዚህ ነው በራሳቸው ስቴት ሁሉን አሟልተው የሚነዱ ሰዎች ድንበር ሲሻገሩ የሚቀጡት።

«ኮሎራዶ ምን ይጠይቃል?» ብሎ መጀመር ግማሽ መልስ ብቻ ይሰጣል። መጀመሪያ የሚነዱበትን ትሬይል (ከአስፋልት ውጭ ያለ መንገድ) ስም ይያዙና መሬቱ የማን እንደሆነ ይወቁ፤ የፎረስት ሰርቪስ (የፌዴራል ደን አገልግሎት)፣ የቢኤልኤም (የፌዴራል መሬት አስተዳደር ቢሮ)፣ የስቴት ፓርክ፣ የካውንቲ ወይስ የግል? ምክንያቱም ሁለት ክፍያ ሊደራረብብዎ ይችላል። ስቴቱ ስቲከሩን ያስከፍላል፤ የመሬቱ አስተዳዳሪ ደግሞ መግቢያውን። ካሊፎርኒያ ግላሚስ የሚባለው የአሸዋ ክምር ቢኤልኤም የሚያስተዳድረው ነው። በቀዝቃዛዎቹ (የዊንተር) የጉዞ ወራት የስቴቱ ስቲከር ቢኖርዎትም የአሸዋውን ፈቃድ ለብቻ ይገዛሉ፤ ይህ ፈቃድ ደግሞ የሚታሰበው ተሽከርካሪዎቹን ጭኖ ለገባው መኪና ነው። ከቦታው ላይ ከመግዛት ቀደም ብሎ ከውጭ መግዛት ይረክሳል። በአሸዋው ላይ የሚነዳ ሁሉ ከመሬት እስከ ጫፉ 8 ጫማ የሚደርስ ባንዲራ መትከል አለበት። አንዱ ከክምሩ ወዲያ ማዶ የሚመጣውን ሌላውን የሚያይበት ብቸኛ መንገድ እሱ ስለሆነ ቸል አይበሉት።

መሬቱ የፎረስት ሰርቪስ ከሆነ ኤምቪዩኤም የሚባለውን ነፃ ካርታ ስልክዎ ላይ ያውርዱ። የትኛው መንገድ ለየትኛው ተሽከርካሪ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ክፍት እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ካርታው ላይ የሌለ መንገድ፣ መሬቱ ላይ «ዝግ ነው» የሚል ምልክት ባይኖርም፣ ዝግ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በስፋት ነው። አንዳንድ ትሬይሎች ከ50 ኢንች በላይ ለሚሰፋ ተሽከርካሪ አይፈቀዱም። ኤቲቪ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል፤ ከአዳዲሶቹ ሳይድ ባይ ሳይድ ውስጥ ብዙዎቹ ግን 60 ኢንችና ከዚያ በላይ ናቸው። ከአንዱ ጎማ የውጭ ጠርዝ እስከ ሌላው ይለኩ፤ የፋብሪካው ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አይመኑ፣ ሰፋ ያለ ጎማ ወይም ስፔሰር (ጎማውን ወደ ውጭ የሚገፋ ብረት) ከተገጠመ ልኩ ተቀይሯል።

ስቴቶቹ እንዴት ይለያያሉ

ኮሎራዶ የማንንም ስቲከር አይቀበልም። ከሌላ ስቴት የመጣ ተሽከርካሪ በራሱ ስቴት ቢመዘገብም ባይመዘገብም የኮሎራዶን የኦኤችቪ (ከመደበኛ መንገድ ውጭ የሚነዱ ተሽከርካሪዎች የጋራ መጠሪያ) ፈቃድ ይገዛል፤ 25 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። የሚያገለግለው ከኤፕሪል 1 እስከ ማርች 31 ስለሆነ በማርች አጋማሽ የገዛ ሰው የሁለት ሳምንት ፈቃድ ነው የገዛው። ሙሉ ታርጋ ያለው ጂፕም ቢሆን ለኦኤችቪ በተመደበ ትሬይል ላይ ከነዳ ይህንኑ ይለጥፋል። ሌክ ሲቲን፣ ኡሬይንና ሲልቨርተንን በሚያገናኘው አልፓይን ሉፕ ላይ ከስቲከሩ ሌላ የነጂው መንጃ ፈቃድና የላያቢሊቲ ኢንሹራንስ (በሌላ ሰው ላይ የሚደርስ ጉዳትን የሚሸፍን) ይጠየቃል። ልጆች እንዲነዱ አስበው የሚሄዱ ቤተሰቦች እቅዳቸው የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ሲልቨርተን ከተማ ደግሞ በ2021 ነዋሪዎቹ በድምፅ ስለከለከሉ በከተማው መንገዶች ኦኤችቪ አይነዳም፤ ትሬይለሩን የሚያቆሙበትን ቦታ ከከተማው ውጭ ያስቡ።

ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ነዋሪ ታዋቂው መድረሻ ዌስት ቨርጂኒያ ያለው የሃትፊልድ ማኮይ ትሬይል ነው። እዚያ ያለው ደንብ ከብዙ ቦታ ለየት ይላል፦ ፈቃዱ ለተሽከርካሪው ሳይሆን ለሰው ነው። አራት ሰው በአንድ ሳይድ ባይ ሳይድ ከተቀመጠ አራት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ «እኔ ተሳፋሪ ነኝ» ማለት አያዋጣም። የሌላ ስቴት ሰው ከነዋሪው እጥፍ ገደማ ይከፍላል። አንዱ ፈቃድ ግን በሥሩ ላሉት ትሬይሎች ሁሉ፣ ለቤርዎሎውም ለሮክሃውስም ለፖካሆንታስም፣ ያገለግላል። ጣሪያና ቀበቶ ባለው ሳይድ ባይ ሳይድ ውስጥም ሄልሜት ግዴታ ነው። ለአንድ ሰው በተሠራ ኤቲቪ ላይ ሁለት ሆኖ መቀመጥ፣ አልኮል ይዞ መግባትና በሌሊት መንዳት የተከለከለ ነው።

ዩታ ደግሞ ነጂውን ያስተምራል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ዕድሜው 18 የሞላ ኦኤችቪ ነጂ፣ የሌላ ስቴት ሰውም ጭምር፣ አጭር የኦንላይን ትምህርት መውሰድ አለበት። ነፃ ነው፤ አንድ ጊዜ ከወሰዱት በቂ ነው። ከ18 ዓመት በታች ላሉት ሌላ ኮርስ አለ። ተሽከርካሪው የሌላ ስቴት ከሆነ የእንግዳውን ፈቃድ ለብቻ ይገዛሉ። ከላስ ቬጋስ ተነስተው ሳንድ ሆሎው የሚወርዱ ሰዎች ሰርተፍኬቱን የስልካቸው ፎቶ ማኅደር ውስጥ ያስቀምጡት፤ አሸዋው ላይ ሲደርሱ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል። አርችስና ካንየንላንድስን የመሰሉ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ግን ታርጋ ያለው ሳይድ ባይ ሳይድም አይገባም።

ቴክሳስ በሕዝብ መሬት ላይ ለሚነዳ 16 ዶላር የሚያወጣ ስቲከር ይሸጣል፤ መቼም ይግዙት ኦገስት 31 ያበቃል።

የካሊፎርኒያ አሠራር ከኮሎራዶ ይለያል። በራስዎ ስቴት ያለው የኦኤችቪ ምዝገባ እዚያም ይከበራል፤ የስቴትዎ ሕግ የማይመዘግብ ከሆነ ግን የእንግዳውን ፈቃድ ይገዛሉ። የቨርጂኒያ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ፦ ቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2006 ወዲህ በአዲስነቱ ለተገዛና ሞተሩ ከ50 ሲሲ በላይ ለሆነ ኤቲቪ ታይትል ትሰጣለች እንጂ ዓመታዊ የምዝገባ ስቲከር የላትም። ታይትል የባለቤትነት ወረቀት ነው፤ «የተመዘገበ» ለሚል ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ፈቃድ ይዞም የሚያስመልስ ነገር

ስቲከሩ ኖሮ ጭስ ማውጫው ካልተሟላ መመለስ አለ። በፎረስት ሰርቪስ መሬት ላይ የተፈቀደ ስፓርክ አሬስተር፣ ማለትም የእሳት ፍንጣሪ የሚይዝ ወንፊት፣ ግዴታ ነው። ሬንጀሩ (የመሬቱ ጠባቂ) መጀመሪያ መፍለሩ፣ ማለትም የጭስ ማውጫው ድምፅ መቀነሻ፣ ላይ የታተመውን ማረጋገጫ ያያል፤ ካላገኘ ቀጭን ሽቦ በጭስ መውጫው አስገብቶ ወንፊቱ መኖሩን ይፈትሻል። ፋብሪካው ያወጣው ጭስ ማውጫ ብዙውን ጊዜ ያሟላል፤ ለጉልበት ወይም ለድምፅ ተብሎ ኋላ የተቀየረው ነው ችግር የሚያመጣው። ድምፁም ይለካል፦ መለኪያው ከጭስ ማውጫው በ20 ኢንች ርቀት በ45 ዲግሪ ይቆማል፤ በካሊፎርኒያ፣ በኮሎራዶና በአሪዞና የተለመደው ጣሪያ 96 ዴሲቤል ነው። ድምፁን የሚቀንሰው ጠቅላላ መፍለሩን መቀየር ወይም በውስጡ ያለውን ድምፅ የሚውጥ አሮጌ ማሸጊያ ማደስ ነው።

ከወረቀት የታይትሉን ወይም የምዝገባውን ቅጂ፣ ኢንሹራንሱንና የሻሲውን ቁጥር ይያዙ። ቁጥሩ ፍሬሙ ላይ በጭቃ ተሸፍኖ ስለሚቆይ ከቤት ሳይወጡ አጥበው ፎቶ ያንሱት፤ ስቲከር በኦንላይን ሲገዙም ይጠየቃሉ፣ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ስቲከሩ የሌላ ተሽከርካሪ ይሆናል። ተሽከርካሪው የጓደኛ ከሆነ ባለቤቱ የፈረመበት የፈቃድ ደብዳቤ ይያዙ። ተከራይተው ከሆነ ስቲከሩ አብሮ መኖሩን ይጠይቁ፤ የዌስት ቨርጂኒያው የሰው ፈቃድና የዩታው ትምህርት ግን የእርስዎ ኃላፊነት ነው። የቤት ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ከግቢ ውጭ የሚደርስ ጉዳትን አይሸፍንም፤ ለኤቲቪው የተለየ ፖሊሲ መያዝ ይሻላል።

ትሬይለሩንም ይመልከቱ። አራት ሰው የሚይዝ ሳይድ ባይ ሳይድ ከነትሬይለሩ 3,000 ፓውንድ በቀላሉ ይጠጋል፤ ቨርጂኒያ ከዚያ ጀምሮ የትሬይለር ፍሬን ትጠይቃለች። ካሊፎርኒያ ውስጥ ትሬይለር የሚጎትት መኪና ከ55 ማይል በላይ አይነዳም።

በፖስታ የሚላክ ስቲከር ስለሚዘገይ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ይዘዙ። ጊዜ ካጠረ መዳረሻው አጠገብ ፈቃዱን የሚሸጥ ሱቅ ይፈልጉና እዚያው ተቀብለው ይለጥፉ። ስቲከሩን ሳይለጥፉ የዳሽቦርድ መሳቢያ (ግላቭ ቦክስ) ውስጥ ማስቀመጥ እንዳልገዙ ያስቆጥራል። ሊነሱ አንድ ቀን ሲቀረው ለአካባቢው የሬንጀር ቢሮ ይደውሉ፤ በእሳት ወይም በጎርፍ የተዘጋ ትሬይል ካለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ የገዙት ፈቃድም የተዘጋውን አይከፍትም።