ዳሽቦርዱን ከመፍታትዎ በፊት፦ የድሮ መኪና ጌጅ ሲበላሽ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የነዳጅ ጠቋሚው (ጌጁ) ባዶ ላይ ተኝቶ አልነሳ ሲል ብዙ ባለመኪና የሚቀናው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ዳሽቦርድ መግዛት ነው። ኪስን በከንቱ የሚጎዳው ስህተት ይህ ነው። እንደ ኮሮላ ዲኤክስ ባሉ የድሮ መኪኖች ጠቋሚው የሰማውን የሚናገር ነው፤ የሚነግሩት ሰልባትዮ (የነዳጅ ማጠራቀሚያው) ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ፣ ሞተሩ ላይ የታሰረው ሴንሰር፣ በመካከል ያለው ሽቦና ፊውዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ካጠፋ የተገዛው ዳሽቦርድም ያንኑ ውሸት ይደግማል፤ ከዚያ ሻጩ ይረገማል።

ሁለተኛው ስህተት የተበላሸው አንድ ጌጅ ይሁን ሁሉም ሳይለዩ ሥራ መጀመር ነው። ሁሉም አንድ ላይ ከሞቱ ፊውዙን፣ ቀጥሎም የዳሽቦርዱን ኔጋቲቭ ሽቦ ይዩ። የፊት መብራት ሲበራ ጠቋሚዎቹ ከተንቀሳቀሱ ኔጋቲቩን መጠርጠር አያሳስትም። ነዳጅና ሙቀት ሁለቱም እኩል ከፍ ወይም ዝቅ ብለው ካሳዩ ደግሞ ከጀርባ ያለችው ትንሿ የቮልቴጅ ማስተካከያ ትመርመር፤ በብዙዎቹ የእንግሊዝ ሥሪት መኪኖች የባትሪውን ኃይል ወደ 10 ቮልት የምታወርደው እሷ ናት። አንድ ጌጅ ብቻ ከሆነ የተበላሸው መጀመሪያ ወደ ሴንሰሩ ይሂዱ።

ሲፈትሹ ከባትሪ ፖዘቲቭ ስበው ጌጁ ላይ በቀጥታ አያሳርፉ፤ ደህና የነበረው ይቃጠላል። ትክክለኛው መንገድ ሽቦውን ከሴንሰሩ ነቅሎ፣ ቁልፉን ከፍቶ፣ የሽቦውን ጫፍ ለአፍታ ከሞተሩ ብረት ጋር ማነካካት ነው። በመካከሉ አንዲት ትንሽ የዳሽቦርድ አምፖል ቢያስገቡ ይበልጥ ይጠነቀቃሉ። በአብዛኞቹ የጃፓን መኪኖች ጠቋሚው ወደ ላይ ከወጣ ጌጁም ሽቦውም ጤነኛ ናቸው፤ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው። የነዳጁን ሲፈትሹ ግን ከተከፈተ ሰልባትዮ አጠገብ ብልጭታ እንዳይኖር።

አዲስ የሙቀት ሴንሰር ሲታሰር ውሃ እንዳያፈስ ብሎ ጥርሱን በቴፍሎን መጠቅለል የተለመደ ነው። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ኔጋቲቭ የሚያገኘው በዚያው ጥርስ በኩል ነው፤ ብዙ ቴፍሎን መንገዱን ይዘጋበታል፤ አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው የባሰ ይሆናል።

ሞተር የሚያስከፍለው ስህተት ግን ሌላ ነው፦ የሙቀት ጠቋሚው ወረደ ብሎ መደሰት። ሴንሰሩ የሚለካው የሚነካውን ውሃ ነው። ውሃው ካለቀና በእንፋሎት መካከል ከቀረ፣ ሞተሩ እየነደደ ጠቋሚው ዝቅ ሊል ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ነገር ይብሳል። መሀል ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ንጹሕ ውሃ በክፍት ዕቃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተሩ ከዚያ በላይ የሚታገሠው ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዝለት ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ውሃው ጠቋሚው ቀይ ላይ ሳይደርስ ፈልቶ ይወጣል፤ ከለገሃር ወደ ፒያሳ በቸርችል ጎዳና በተጨናነቀ ሰዓት የሚወጣ ሰው ይህን ቢያስብበት ይሻለዋል። ስለዚህ ጌጁን ከመውቀስዎ በፊት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃውንና ክዳኑን ይዩ። ትኩስ ራዲያተር ግን በፍጹም አይክፈቱ። የድሮ ቮልስዋገን ያለው ሰው ይህን አንቀጽ ቢዘለው አይጎዳም፤ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው።

የሚያስጠላ መብራት መንቀልም አለ። የዘይቱ መብራት ሲበራ አምፖሉን አውጥቶ መንዳት ምን እንደሚባል አላውቅም። የዘይቱን መጠን ይዩ፣ ከዚያ በእጅ በሚገጠም የግፊት መለኪያ ያስለኩ፤ ግፊቱ ደህና ከሆነ ጥፋቱ መብራቱን የምታበራው የርካሿ የዘይት ግፊት ስዊች ነው። የባትሪው መብራትም ጌጥ አይደለም፤ በብዙ የድሮ መኪኖች ዲናሞው መሙላት እንዲጀምር የሚቀሰቅሰው በዚያች አምፖል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። አምፖሏ ከተቃጠለች ባትሪው ላይሞላ ይችላል፤ ያለ ምክንያት ዲናሞ የተፈታበት ቀን ይኖራል።

የፍጥነት ጠቋሚው ከተንቀጠቀጠ ከካምቢዮ የሚመጣው ገመድ ደርቋል ወይም ተጣሟል። ለደረቀው ጥቂት ግሪስ ይበቃዋል፤ ላይኛውን ጫፍ ግን አይቀቡ፣ ቅባቱ ወደ ጌጁ ይገባል።

ዳሽቦርዱን መፍታት ግድ ከሆነ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ። ከጀርባ ያለውን ቀጭን የፕላስቲክ ሰርኪት በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፤ መዳቡ ስስ ስለሆነ ይላጣል። የተማሪ ላጲስ ዝገቱን ይበቃዋል።

ገጥመው ሲጨርሱ ቁልቁለት ወይም ዳገት ላይ ቆመው ነዳጁን አይገምግሙ፤ ተንሳፋፊው ከነዳጁ ጋር ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ ቁልፉን ይክፈቱ፣ ትንሽ ይታገሡ። ውስጡ ያለው ብረት ሲሞቅ እየታጠፈ ጠቋሚውን የሚገፋበት የድሮ ጌጅ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው።