መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰፈር ከቤት ለሚያስተምሩ መምህራን

እንደ ጣፎ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ባሉ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ከቤታችሁ ሆናችሁ የምታስተምሩ መምህራን፣ የቀጥታ ቪዲዮ ትምህርቱ መብራት ወይም ኔትወርክ በሄደ ቁጥር የሚቋረጥባችሁ ከሆነ፣ ትምህርቱን በአንድ የደብተር ገጽ ፎቶና በአጫጭር የድምፅ መልእክቶች ከፋፍላችሁ በቴሌግራም ላኩት። ለምሳሌ የአንድ እኩልታ አፈታትን ለየመስመሩ ቁጥር እየሰጣችሁ በወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ ጻፉ፤ ገጹን መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሡት፤ ከዚያም «አሁን መስመር 3ን ተመልከቱ፤ 6 ወደ ቀኝ ሲሻገር ምልክቱ ለምን ተለወጠ?» እያላችሁ ለእያንዳንዱ መስመር ከ1 ደቂቃ የማይበልጥ ድምፅ ቅረጹ። በእርሳስ የተጻፈ ግን አይሆንም፤ ቴሌግራም የፎቶውን መጠን ሲቀንሰው ጽሑፉ ይደበዝዛል።

ዘዴው የሚሠራው የ1 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ከአንድ ሜጋባይት በታች በመሆኑና፣ ኔትወርክ ሲመለስ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ደጋግሞ ሊደመጥ ስለሚችል ነው። እኔ ግን ከዳታ ቁጠባው ይልቅ የምወድለት ሌላ ጥቅም አለው፤ በወላጅ ስልክ የሚማር ልጅ እናቱ ወይም አባቱ ማታ ከሥራ ሲገቡ ትምህርቱን ሳይጎድልበት ያገኛል፣ ያልገባውንም በመስመሩ ቁጥር ጠቅሶ ይጠይቃል።

ማንበብ ገና ለሚለማመዱ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆች፣ እንዲሁም የእጅ እንቅስቃሴው መታየት ላለበት የኮምፓስና የፕሮትራክተር ሥራ አትጠቀሙበት፤ እዚያ ላይ አጭር ቪዲዮ ይሻላል።