ሚጥሚጣ ይዛችሁ ቴአትር አትግቡ

ጠዋት ሙዚየም፣ ከምሳ በኋላ መርካቶ፣ አመሻሽ ላይ ቴአትር። አዲስ አበባን በአንድ ቀን ለማየት ሲታሰብ ቀላል ይመስላል። ከውጭ የመጡ ዘመዶቼን ይዤ ስዞር ያልሠራሁት ስህተት የለምና እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ።

ጠዋቱን በቡና አትጨርሱት። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ሙዚየም ብቻውን ረጅም ሰዓት ይበላል፤ ተቻኩሎ የገባ ሰው የንጉሡን መኝታ ቤት እንኳ ሳያይ ይወጣል። ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ ወርዳችሁ ድንቅነሽን ታያላችሁ። ለእንግዶቻችሁ ግን ለእይታ የቀረበው አጽም ቅጂ መሆኑን ቀድማችሁ ንገሯቸው። የአጎቴ ልጅ እዚያው ቆሞ ሲሰማ "ታዲያ ለምን መጣን?" ብሎ አኩርፎኛል።

አትክልት ተራ ፒያሳ ነው ብላችሁም አትድከሙ። በ2012 በኮሮና ጊዜ ወደ ጃንሜዳ ተነሣ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። አገር ቤት ከመጣ የቆየ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይሸወዳል።

መርካቶን እሑድ አትሂዱ፣ ብዙው ሱቅ ዝግ ነው። ስትሄዱም በተራ በተራው ነው። በርበሬ ተራ መድረሳችሁን አፍንጫችሁ ይነግራችኋል። የመጀመሪያውን ዋጋ ሰምታችሁ ቦርሳ አትክፈቱ፣ ይልቅ ዛላውን ጨበጥ አድርጉት። ደረቅ ከሆነ እጃችሁ ላይ ይሰባበራል፣ ስትነቀንቁትም ፍሬው ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። እንደ ቆዳ እየተጣጠፈ አልሰበር ካለ በበርበሬ ዋጋ ውሃ እየገዛችሁ ነው።

ሰዓት! ትኬቱን የቆረጠው ሰው "11 ሰዓት" ካላችሁ ሊመሽ ሲል ማለቱ ነው፤ የፈረንጅ ሰዓት የለመደ ዘመድ ካላችሁ ደግማችሁ አስረዱት።

ቴአትር ቤቱንም ለዩ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ፒያሳ ነው፣ ብሔራዊ ግን ወደ ለገሃር ነው። ባለታክሲውን "አንበሳው ጋ" ብቻ ካላችሁት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ብሔራዊ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ የድንጋይ አንበሳ ነው፣ ለገሃር ያለው ዘውድ የደፋው፣ ጣሊያን ሮም ወስዶት የተመለሰው ነው።

የመጨረሻው የአክስቴ ስህተት ነው። ከመርካቶ ቀጥታ ወደ ቴአትር አትሂዱ፣ ዕቃውን መጀመሪያ ቤት አድርሱ። እኛ ረፍዶብን ስለነበር አክስቴ የተነፋ ሚጥሚጣ በፌስታል ታቅፋ ገባች። መብራቱ ጠፍቶ ተዋናዩ ገና አፉን ሲከፍት ፌስታሉ ከሥር ተቀደደ። መጀመሪያ እኔ አነጠስኩ፣ ከዚያ የፊታችን ወንበር፣ ከዚያ ረድፉ በሙሉ፤ መድረክ ላይ የሚለቀሰውና እኛ ጋ የሚለቀሰው ተደባለቀ። አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፦ "አላልኩህም? ንጹሕ ሚጥሚጣ ነው!"