ምንም ሳይሰረዝ «አንድ ፋይል ተሰርዟል» ሲል፦ የነጠላና ብዙ ቁጥር ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ወደ አማርኛ የተተረጎመ ሶፍትዌር ስክሪኑ ላይ «3 ፋይልኦች» ይላል

ኮዱን ሳይከፍቱም ምክንያቱ ይገመታል። ለእንግሊዝኛው መጨረሻ ላይ «ኤስ» የሚለጥፈው መስመር፣ ለአማርኛ «ኦች» እንዲለጥፍ ተደርጓል። ፊደላችን ግን እንደዚያ አይቀጠልም። «ፋይል» ሲበዛ ሳድሱ «ል» ራሱ ተለውጦ ሳብዑ «ሎ» ይሆናል፤ ዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጥበት መለኪያ) ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ያሉ፣ ግን የተለያዩ ቁምፊዎች ናቸው። «ደቂቃ» ደግሞ «ደቂቃዎች»፣ «ወር» «ወራት» ይሆናል።

መፍትሄው መለጠፉን ትቶ ለነጠላውም ለብዙውም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ ነው። ቃሉን ብቻ መለየት አይበቃም፤ ግሡም ይከተላል፦ «1 ፋይል ተሰርዟል»፣ «3 ፋይሎች ተሰርዘዋል»።

ችግር፦ ምንም ሳይሰረዝ «አንድ ፋይል ተሰርዟል» ይላል

ግማሽ ቀን የበላብኝ ይኼኛው ነው። ኮዱን ደጋግሜ ፈተሽኩ፤ ቆጠራው ልክ ነው፣ 0። ጥፋቱ የተገኘው ትርጉሙ ውስጥ ነው፣ ያውም በራሴ ትርጉም። ተርጓሚ የነጠላውን ዓረፍተ ነገር የሚሞላበትን «ዋን» (አንድ) የሚለውን ሳጥን 1 ብቻ የሚገባበት መስሎኝ፣ ቁጥሩ የሚተካበትን ምልክት አጥፍቼ «አንድ» ብዬ በፊደል ጽፌ ነበር።

በእንግሊዝኛ 0 የሚሄደው ወደ «አዘር» (ሌላ)፣ ማለትም ወደ ብዙ ቁጥሩ ሳጥን፣ ስለሆነ እንዲህ ያለው ስህተት አይታይም። በዩኒኮድ ሲኤልዲአር (የየቋንቋው ደንብ የተሰበሰበበት መዝገብ) የአማርኛ ደንብ ግን 0ም፣ 0.5ም፣ 0.9ም ከ1 ጋር «ዋን» ውስጥ ይገባሉ። 1.5 ነው ወደ «አዘር» የሚያልፈው።

ስለዚህ «ዋን» ውስጥ የቁጥሩን ምልክት አታጥፉ። ለ0 የተለየ አባባል ከፈለጋችሁ፣ በአይሲዩ (መልእክትን በየቋንቋው ደንብ የሚያወጣ የሶፍትዌር መሣሪያ) መልእክት «=0» ብላችሁ «ምንም ፋይል አልተሰረዘም» ጻፉ። አንድሮይድ ላይ «ዜሮ» የሚለውን ብትሞሉም ለአማርኛ ይዘለላል፤ እዚያ 0ን ኮዱ ውስጥ በ«ኢፍ» ለዩት። ጌትቴክስት የሚባለውን የትርጉም መሣሪያ ተጠቅማችሁ 0 በብዙ ቁጥር ከወጣ ደግሞ የትርጉም ፋይሉን ራስጌ እዩ። ከእንግሊዝኛ ተቀድቶ «ቁጥሩ ከ1 ከተለየ» የሚል ቀመር ቀርቶበት ይሆናል፤ የአማርኛው «ቁጥሩ ከ1 ከበለጠ» ነው። ስትሞክሩ 1ን እና 2ን ብቻ ሳይሆን 0ን፣ 0.5ን እና 1.5ንም አስገቡ።

ችግር፦ «5 ኪሎዎች»፣ «100 ብሮች»

እዚህ ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም፤ የተሰጠውን ነው ያወጣው። ግን ሽንኩርት ሊገዛ ወጥቶ «ሁለት ኪሎዎች ስጪኝ» የሚል ሰው የለም። ለኪሎ፣ ለብር፣ ለሜትር በሁለቱም ሳጥን ያንኑ ነጠላ ቃል ድገሙት። ተመሳሳይ ነው ብላችሁ «አዘር»ን እንዳትሰርዙት፤ አይሲዩ ያለ እሱ መልእክቱን አይቀበልም።

«ቀን» ላይ ሁለቱም ያስኬዳል። እኔ ለአጭር ማሳሰቢያ «3 ቀን ቀርቷል» እላለሁ፤ «3 ቀናት» ደብዳቤ ደብዳቤ ይለኛል።