አሳ ከባቱ ፒያሳ፣ በቀጥታ ከአስጋሪው

አሳ ማስመጣቱን ብቻችሁን አትጀምሩ። ፒያሳና አራት ኪሎ ካሉ ጎረቤቶች አሥር ቤት ያህል ሰብስቡ፤ ለሁለት ኪሎ አሳ ብሎ ከባቱ 160 ኪሎ ሜትር የሚነዳ የለማ! ከዚያ ባቱ ከተማ ዳር ባለው ዝዋይ ሐይቅ ላይ ከሚሠራ የአስጋሪዎች ማኅበር ጋር ተነጋገሩ፦ በሳምንት ስንት ኪሎ፣ በስንት ብር፣ ማን ያመጣዋል። ግማሹን ቀድማችሁ ክፈሉ፣ አስጋሪው መረቡን የሚጠግነው በዚያ ነው። «ቆሮሶ (ቲላፒያ) ብቻ» አትበሉ። ሐይቁ የሰጠውን ተቀበሉ፣ አምባዛም ቢሆን (ለጉላሽ እንዲያውም እኔ አምባዛ ይሻለኛል)። አሳው በበረዶ ተደርጎ እንዲመጣ ግን ድርቅ በሉ። ሲደርስ ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን የስንጥቡን (የሚተነፍስበትን) ክዳን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ውስጡ ደማቅ ቀይ ካልሆነ፣ ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መልሱት። ፊሌቶ ከሙሉ አሳው ግማሽ እንኳ አይሞላም፣ የሚወደደው ለዚህ ነው። በጾም ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋውን ቀድማችሁ ቁረጡ።